እግር ብረት

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ወሎ ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ፣ በሆስፒታል ጀሶ ክፍል፣ ቆልማማ እግር ይዘው የተወለዱ ሕፃናትን ማከም ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ዘዴው ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ያዳበሩት ነው። እግሩን በየሳምንቱ በእጅ ትንሽ በትንሽ እያቃኑ ጀሶ ማሰር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጀሶ ይበቃል። ከዚያ ሐኪሙ የተረከዙን ጅማት በትንሽ ስለት ይቆርጥና የመጨረሻው ጀሶ ለ3 ሳምንት ይታሰራል። እመኑኝ፣ እስከዚህ ያለው ቀላሉ ነው።

ከባዱ ጫማው ነው። ሁለት ጫማዎች በአንድ ብረት ተያይዘው ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም ልጁ 4 ዓመት እስኪሆነው ድረስ በእንቅልፍ ሰዓት ይጠለቃሉ። ከተተወ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል።

አንዲት እናት ጫማውን በወሰደች በ8ኛው ወር ልጇን አዝላ መጣች። ከአንቀልባው ስታወርደው ሁለቱም እግሮች ወደ ውስጥ ዞረዋል። «ያን ሁሉ ለፍተን!» ብዬ በሰው ፊት ተቆጣኋት። አንገቷን ደፍታ ቆየችና፣ «አማቴ ‹ምን ቢያጠፋ ነው ሕፃኑን በእግር ብረት ያሰራችሁት?› ብለው ቆጥ ላይ ሰቀሉብኝ» አለችኝ።

አፈርኩ። እኛም እኮ «ብረቱን እሰሪለት» ነበር የምንለው። የእስረኛን ቃል ለሕፃን ሰጥተን አያት እንዴት ዝም ይበሉ?

ጀሶው እንደ አዲስ ተጀመረ፤ አማትየውንም አስጠራኋቸው። ጫማው የሚጠለቅበት ቀን ሲደርስ እኔ አልነካሁትም፣ ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ብረቱን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ጥለት ካለው አሮጌ ነጠላቸው ጫፉን ቀደው ዙሪያውን ጠመጠሙበት። «እንዳይቀዘቅዘው ነው» አሉ። ማሰሪያውን ከእኔ ይበልጥ አጥብቀው ስላሰሩት ላላ ማድረግ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ስሙ «የእንቅልፍ ጫማ» ነው።

ሌላው ለውጥ ቀስ እያለ መጣ። የሕክምናውን ቀን ወደ ገበያ ቀን አዛወርነው፤ መኪና የሚገኘው ያን ቀን ነው። ከሩቅ የሚመጡ እናቶች ጀሶውን ከዋዜማው ፈትተው ስለሚያድሩ የተቃናው እግር በአንድ ሌሊት ይመለስ ነበር። አሁን ሳፋና ሙቅ ውሃ እኛው እናዘጋጃለን፣ እዚሁ ይፈታል። ጀሶ ሲታሰር ሕፃኑ ጡት ይጠባል፤ እግሩን አባት ይይዛል፣ ከመጣ። ብዙ አባቶች አይመጡም፣ ለዚህ መላ አላገኘሁም። «በእኔ ኃጢአት ነው» እያለች የምታለቅሰውን አዲስ እናት ደግሞ ልጇ ቆሞ ከሚሄድላት እናት አጠገብ አስቀምጣታለሁ። የእኔ ገለጻ ያን ያህል አይሠራም።

ለትራንስፖርት ከኪሴ መስጠትም ሞክሬ ነበር። አንዷ ያገኘችውን ሌላዋ ሰማች፣ ኩርፊያ ሆነ። ገንዘቡን ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ ተውኩላት፤ ማን ምን እንደቸገረው ከእኔ የተሻለ ታውቃለች።

ካርዳችን ላይ ድሮ መጀመሪያ የሚሞላው የእግሩ ልኬት ነበር። አሁን ከእሱ በላይ «ማታ ጫማውን የሚያስረው ማን ነው?» የሚል መስመር አለ። ብዙ ጊዜ የምጽፈው «አያት» ብዬ ነው።