የነቀዝ ክኒን ሰው የሚያድርበት ቤት አይግባ

ይህን ከእኔ በፊት አንድ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ ያ ሌሊት አይደርስብኝም ነበር። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ወፍጮው። የቤት ወፍጮ የገዛሁት የበሶ ዱቄቴ ሁለት ጊዜ ከፊቴ ካስፈጨችው ሴት ሽሮ ጋር ተቀላቅሎ ስለመጣ ነው። መጀመሪያ ባለ ምላጩን የቅመም መፍጫ ገዛሁ። ለሚጥሚጣና ለኮረሪማ ግሩም ነው፤ ለእህል ግን አይሆንም። ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ማረፍ አለበት፣ ዱቄቱም ግሎ ይወጣል። ትኩሱን ዱቄት ከከደናችሁት ያልበዋል፣ ይጓጉላል። ሸጥኩትና ባለ ድንጋዩን ገዛሁ። አዲስ ድንጋይ አሸዋ ይጥላል፤ የመጀመሪያውን ሁለት ኪሎ ፈጭታችሁ ድፉት። ለጤፍ ብላችሁ ግን ወፍጮ አትግዙ። በእኔ ወፍጮ ጤፍ ግማሹ ሳይፈጭ ያልፋል። ዛሬም ጤፌን ወፍጮ ቤት ነው የማስፈጨው።

ወፍጮ ካለኝ ብዬ ግንቦት ላይ 1 ኩንታል ጤፍና ግማሽ ኩንታል ስንዴ ገዛሁ። ሁለቱንም በመጡበት ማዳበሪያ ዕቃ ቤት አቆምኳቸው። ዕቃ ቤቱ ከልጆቹ መኝታ ጎን ነው።

ነሐሴ ላይ ስንዴ ልፈጭ ማዳበሪያውን ፈታሁት። እጄን ስከት ይሞቃል። አንድ እፍኝ ዘገንኩ፤ ክብደት የለውም። ፍሬው ሁሉ በመርፌ እንደተወጋ ተበስቷል። በጣቶቼ መሃል አፉ የሾለ ጥቁር ነቀዝ ወጥቶ ወደ ክንዴ ሄደ። ጤፉ አንድም አልተነካም፤ ፍሬው ለነቀዝ ትል ማደጊያ አይበቃም።

ነፋሁት፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር አሰጣሁት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ለካ ሴቷ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ትሉ የሚያድገው ስንዴው ውስጥ ነው። ወንፊት ምን ያደርግለታል?

የእርሻ መድኃኒት የሚሸጥ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሦስት ክኒን ቆጥሮ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ። ስም የለው፣ ማስጠንቀቂያ የለው። «እህቴ፣ መሃሉ ቅበሪና አፉን እሰሪው፣ አለቀ» አለኝ። የት ነው የምታስቀምጪው፣ ልጆች አሉሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ማታ ቀበርኩትና አሰርኩት። ሌሊት ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል ሽታ ቀሰቀሰኝ። ጎረቤት እያበሰለ ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። 8 ሰዓት ላይ ትንሹ ልጄ አስመለሰው። እህቱ ራሴን አለች። የእኔም ራስ ሊፈነዳ ደርሷል። ያኔ ክኒኑ መሆኑ ገባኝ። ሮጬ ሄጄ ማዳበሪያው ላይ ውሃ ላፈስበት ባልዲ አነሳሁ። ባሌ በዚያው ቅጽበት ነርስ እህቱጋ ደውሎ ስፒከር ላይ አድርጓት ነበር። «ውሃ እንዳታፈሺበት! ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ አሁኑኑ!» ብላ ጮኸች።

ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየሩ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ውሃ ቢፈስበት ሁሉንም በአንዴ ይተፋው ነበር። ጋዙ በማዳበሪያ ቀዳዳ፣ በበር ስር፣ በግድግዳ ስንጥቅ ያልፋል። ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም ማርከሻ እንደሌለው ነገረን። እስከ ማግስቱ ከሰዓት ልጆቼን ሲከታተሉ እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ደህና ሆነው ወጡ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሱቁ ተመልሼ ሄጄ ነገርኩት። «ሌላ ሰው ምንም አላለውም» አለኝ። በዚያው ሳምንት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አመለከትኩ። «በሰለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው የሚፈቀደው» ብለው መመሪያውን አነበቡልኝ። ማን ነው ታዲያ በጋዜጣ ጠቅሎ የሚሸጠው? እኔ ባለሙያ ቢመጣም እንኳ ሰው በሚያድርበት ቤት አላስገባውም።

አሁን ስንዴና በቆሎ የማስቀምጠው አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው፤ ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ፣ ውጪው ማዳበሪያ። መድኃኒት አይፈልግም። ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል። የውስጡን ፕላስቲክ አየሩን አስወጥታችሁ ጠምዝዛችሁ እሰሩ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ውጪውን። ከማሰራችሁ በፊት ፕላስቲኩን ነፍታችሁ ቀዳዳ ፈልጉ። ቶሎ ቶሎ አትክፈቱት። ለዕለት የሚሆነውን ለብቻ አስቀሩ።

እርጥብ እህል ግን እዚህ ውስጥ ይሻግታል፤ ነጋዴ ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ ያርከፈከፈበት ይኖራል። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ስንዴና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ስንዴው አልደረቀም፤ አስጡት። እኔ አሁን ገበያ ስሄድ ጠርሙሷ ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ነጋዴዎቹ ያዩኛል፣ ይነጋገራሉ። ባለፈው አንዱ ጨው ሲለጠፍ አይቶ፣ ሳልጠይቀው ከኋላ ካለው ማዳበሪያ ቀዳልኝ።