አንድ ዓመት ያስከፈለችኝ ደብዳቤ

ሁለተኛ ዓመት ላይ ስታቲስቲክስ ኤፍ አመጣሁ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲዬ ከወሎ ውጭ ነው፤ ቤታችን ግን ኮምቦልቻ። ስታቲስቲክስን ያላለፈ ሰው ኢኮኖሜትሪክስ አይወስድም። ኢኮኖሜትሪክስ ደግሞ እኛ ጋ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ያለችኝ ክረምቷ ነበረች። ደሴ ያለ አንድ ኮሌጅ ኮርሱን በክረምት እንደሚሰጥ ሰማሁና እዚያ ወስጄ ውጤቱን ላዛውር ወሰንኩ።

ምዝገባው ቀላል ነበር። የውጤት ወረቀት፣ መታወቂያ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የባንክ ደረሰኝ፤ በቃ። ክፍያውን እናቴ በግ ሸጣ ነው የሰጠችኝ።

ትምህርቱ ይከብዳል እንጂ የማይቻል አይደለም። በመደበኛው 16 ሳምንት የሚፈጀውን በ8 ሳምንት ይጨርሱታል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከኮምቦልቻ ሚኒባስ እይዛለሁ። ሀረጎ ዳገት ላይ ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል፤ ሹፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ይጠመዘዛል። ከኮምቦልቻ በሸሚዝ የወጣ ሰው ደሴ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። ማታ መብራት ሲጠፋ በስልኬ ባትሪ ጥያቄ እሠራለሁ። ቢ አመጣሁ። ኤፍ ባመጣሁበት ኮርስ ቢ! እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

ሰኔ ላይ ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት የዲፓርትመንታችንን ኃላፊ ጠይቄያቸው ነበር። «ውሰጂው፣ ችግር የለውም፤ ስትመለሺ እናስገባልሻለን» አሉኝ። እሳቸውም ቸኩለዋል፣ እኔም ቸኩያለሁ። ደብዳቤ ይጻፍልኝ ብል እሳቸውን አለማመን መሰለኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ስመለስ ኃላፊው ተቀይረዋል።

«ማን ፈቀደልሽ?» አሉኝ አዲሱ።

«የበፊቱ ኃላፊ።»

«በምን ደብዳቤ?»

ዝም አልኩ። ወደ ሬጅስትራር ላኩኝ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ውጤቴን ከእኛ ካሪኩለም ጎን ዘረጋችና በእስክሪብቶዋ ጫፍ ሁለት ቁጥር ነካች። አንዱ ላይ 3፣ አንዱ ላይ 5። «አይገጥምም» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። 3ቱ እኮ ክሬዲት አወር ነው፤ 5ቱ ኢሲቲኤስ፤ ሁለቱም የኮርስ ክብደት መለኪያ ናቸው። ባለ 3 ክሬዲት አወር ኮርስ ብዙውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ነው የሚያዝለት። ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት ከኋላዬ ያለውን ልጅ ጠራች።

በማግስቱ «ማህተም ያለው ኮርስ አውትላይን አምጪ» ተባልኩ። ደሴ ድረስ ሄጄ አመጣሁ። አምጥቼ ስሰጥ ደግሞ «ውጤቱ በእጅ አይመጣም፤ በታሸገ ፖስታ ከሬጅስትራር ለሬጅስትራር ነው የሚላከው» አሉኝ። ይህን በመጀመሪያው ቀን መናገር ምን ያቅታል? አንድ ተማሪ የትራንስፖርት ብር ከየት እንደሚያመጣ የሚያስብ ሰው እዚያ ቢሮ ውስጥ የለም? አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። በራሴም እናደዳለሁ፤ አንድ ወረቀት ለመጠየቅ ያፈርኩት እኔው ነኝ። ለሁለተኛ ጊዜ እናቴ ጋ ስደውል ድምፄ ተቆራረጠ። «አብሽሪ ልጄ» ብቻ ነው ያለችኝ። ብሩን በማግስቱ ላከችው።

የዲፓርትመንቱ አካዳሚክ ኮሚሽን ጉዳዬን ያየ ዕለት በአንድ ስብሰባ አለቀ። ተቀበሉት። ግን ኮርስ የሚጨመርበት ጊዜ አልፎ ነበር። ኢኮኖሜትሪክስ አመለጠኝ። የመውጫ ፈተናውንም ከጓደኞቼ ጋር አልተቀመጥኩም። እነሱ ጋውን ለብሰው ሲመረቁ እኔ ገና አንድ ዓመት ነበረኝ።

ስለዚህ ሌላ ቦታ ክረምት ልትወስዱ ካሰባችሁ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፤ ያውም ብር ከመክፈላችሁ በፊት። ደብዳቤው ላይ የኮርሱ ስም፣ ኮዱ፣ ክሬዲት አወሩም ኢሲቲኤሱም፣ የምትማሩበት ኮሌጅ ስምም ይጻፍ። «መጀመሪያ ተመዝገቡ፣ ወረቀቱ ይደርሳል» ይሏችኋል። እኔ እምቢ በሉ ነው የምለው። ሁለት ሦስት ኮርስ መውሰድ ይቻላል ቢሏችሁም ቁጥር ያለበት ከሆነ አንድ ብቻ ያዙ። በ8 ሳምንት ውስጥ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይበላዋል።

ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜ አንድ ኮርስ ወደቀበት። ሰኔ ላይ ግቢው ድረስ አብሬው ሄድኩ። ኃላፊው «ነገ ኑ» ሲሉን «እንጠብቃለን መምህር» ብዬ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልን። ምሳ ሰዓት አለፈ። ወደ 11 ሰዓት ግድም ደብዳቤው ወጣ፤ የማህተሙ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር። ወንድሜ ሊያጥፈው ሲል እጁን ያዝኩት። ከግቢው ሳንወጣ ሦስት ኮፒ አስነሳን።