በክዳኑ ያልገባው ውሃ

ሐምሌ ነው፣ አዲስ አበባ። የአንድ ግቢ ዘበኛ ማለዳ የብረት በሩን ሲከፍቱ እጃቸውን ነዘራቸው። የተጠራው ኤሌክትሪሺያን ገና ከመድረሱ «ጋሼ፣ በሩን እንዳይነኩት» ብሎ ዋናውን ብሬከር አወረደ፤ መቋረጡንም በቴስተር አረጋገጠ።

የውጪው መስመር ቀድሞ በ30 ሚሊአምፒር የሚቆርጥ አርሲዲ (ኮረንቲ ከመስመሩ ሲሾልክ የሚያቋርጥ መከላከያ) ነበረው። ዝናብ በጣለ ሌሊት እየቆረጠ፣ ረፋድ ላይ ሲመልሱት ደግሞ እሺ ይል ነበር። «አስቸገረ» ተብሎ ወጣና 16 አምፒር ተራ ብሬከር ተተካ። ትልቁ ጥፋት ይኼ ነው። አርሲዲው ሲቆርጥ የነበረው፣ ኮረንቲ በእርጥበቱ ወደ ኤርዝ (ወደ መሬት) እየሾለከ ስለሆነ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይደርቃል። ሰው ለመግደል የሚበቃው ኮረንቲ ተራው ብሬከር ከሚጠብቀው 16 አምፒር በመቶዎች እጥፍ ያንሳል።

ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ያለው ጃንክሽን ቦክስ (ሽቦዎች የሚገናኙበት ሳጥን) ክዳኑ ዙሪያውን በሲሊኮን ተለስኗል። ተቆርጦ ሲከፈት ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ ተኝቶበታል፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ጥግ ላይ ጉንዳኖች የከመሩት እርጥብ አፈር ከነነጫጭ እንቁላሉ የፌዙን (የኮረንቲ ተሸካሚውን ሽቦ) እና የኤርዙን ማገናኛ አንድ ላይ ሸፍኗል። ከቤት የሚመጣው የኤርዝ ሽቦ በስብሶ ተበጥሷል፤ ወደ በሩ መብራት የሚሄደው ግን እንደታሰረ ነው። ስለዚህ የሾለከው ኮረንቲ መሄጃ አጥቶ በሩ ላይ ቀረ።

የክዳኑ ጎማ ደህና ነበር። ውሃው የገባው ከላይ በገባው ኬብል ላይ እየተንሸራተተ ነው። ኬብሉ ጠፍጣፋ ነው፤ የግላንድ (ኬብሉ ወደ ሳጥኑ የሚገባበት ማጥበቂያ) ጎማ ደግሞ ክብ ኬብል ብቻ ነው አጥብቆ የሚይዘው፣ በጠፍጣፋው ግራና ቀኝ ክፍተት ይቀራል። ከጣሪያው የወረደው የሽቦ ቱቦም አፉ ስላልተደፈነ እንደ አሸንዳ ውሃ አምጥቷል። ሌላም አለ፦ ቀን በፀሐይ የጋለ ሳጥን ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ይስባል፤ እርጥበቱም ሳጥኑ ውስጥ ጤዛ ይሆናል። ሲሊኮኑ የከለከለው መውጫውን ነው።

አዲሱ አይፒ65 (አቧራና የሚረጭ ውሃ የማያስገባ) ሳጥን መግቢያዎቹ ሁሉ ወደታች ሆነው ተሰቀለ። ውፍረቱ ከ6 እስከ 12 ሚሊሜትር ለሆነ ክብ ኬብል ኤም20 (ጥርሱ 20 ሚሊሜትር የሆነ) ግላንድ ይበቃል፤ ለአንድ ግላንድ አንድ ኬብል ብቻ። ኬብሉ ከሳጥኑ በታች 10 ሴንቲሜትር ያህል ወርዶ ተመልሶ ይገባል፣ ጠብታው እዚያው እንዲወድቅ። ያልተሠራባቸው ቀዳዳዎች በቡሽ፣ የቱቦው አፍ በማሸጊያ ጭቃ ተደፈኑ። ከሁሉም ዝቅ ባለው ቦታ፣ አምራቹ ምልክት ባደረገበት ላይ ብቻ፣ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ እንዲወጣ 5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ተከፍቶ ከውስጥ የማይዝግ ደቃቅ ወንፊት ተለጠፈበት፤ ምልክት በሌለው ሳጥን ላይ መብሳት መከላከያውን ያፈርሳል። ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን መዳብ ስለሚበላ ሳጥን ውስጥ አይገባም። ጉንዳኑም መብራቱ ጠፍቶ በብሩሽ ይጠረጋል እንጂ ፍሊት አይነፋበትም፤ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው።

ሽቦው የሚያበራ መዳብ እስኪታይ ተቆርጦ ታሰረ፣ ኤርዙ ተቀጠለ፣ አርሲዲው ተመለሰ። በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ልባስ ኮረንቲ አለማሾለኩን የሚለካ መሣሪያ) ሲለካ ቢያንስ 1 ሜጋኦም ማሳየት አለበት። መብራቱ ሳይለቀቅ ሳጥኑ ውስጥ ሶፍት ተቀመጠና ከውጪ በጎማ ለአሥር ደቂቃ ውሃ ተረጨበት። ሲከፈት ሶፍቱ ደረቅ ነበር።