ሎንግፒግስ፣ ስማቸው የተረሳ የሼፊልድ ልጆች

ሰሞኑን ከጆሮዬ አልወርድ ያለው አልበም በፈረንጆቹ 1996 የወጣ ነው፣ «ዘ ሰን ኢዝ ኦፍን አውት» ይባላል፣ ሎንግፒግስ የሚባል የሮክ ባንድ የነበራቸው የእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ ልጆች የመጀመሪያ ስራ። ብሪትፖፕ (የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ የእንግሊዝ ጊታር ፖፕ) ሲባል ሰው ኦኤሲስና ብለር ብሎ ያቆማል፣ ትንሽ ገባ ያለ ደሞ ፐልፕንና ስዌድን ይጨምራል፣ ከዛ ወዲህ ያሉትን ግን ስማቸውን የሚያነሳ የለም። እነዚህ ልጆች ደሞ ያን ያህል ሳይታወቁ የቀሩም አይደሉም እኮ፣ አልበሙ እንግሊዝ ውስጥ 26ኛ ደረጃ ደርሷል፣ «ሺ ሰይድ» እና «ኦን ኤንድ ኦን» እያንዳንዳቸው ምርጥ 20 ውስጥ ገብተዋል፣ «ኦን ኤንድ ኦን» እንዲያውም በዛው አመት የወጣው የ«ሚሽን ኢምፖሲብል» ፊልም ሙዚቃ አልበም ላይ አለ። ከዛ በቃ፣ ድምፃቸው ጠፋ።

አሁን አሁን ስማቸው ከተነሳም በሪቻርድ ሃውሊ ምክንያት ነው። ሃውሊ የባንዱ ጊታሪስት ነበር፣ በኋላ ከፐልፕ ጋር ተጫወተ፣ ከዛ ብቻውን ወጥቶ በ2005 «ኮልስ ኮርነር»ን ሲያወጣ ነው አለም ልብ ያለው። በ2006 ለአመቱ ምርጥ አልበም የሚሰጠውን የመርኩሪን ሽልማት ሌሎቹ የሼፊልድ ልጆች አርክቲክ መንኪስ ሲወስዱ ዘፋኛቸው አሌክስ ተርነር መድረክ ላይ ቆሞ 999 (ፖሊስ ጋ) ደውሉ ሃውሊ ተዘርፏል ብሎ የለ፣ ሽልማቱ ለሱ ይገባ ነበር ለማለት፣ የሰፈሩ ልጅ ነዋ። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደዚህ አልበም የሚመጣው ወደኋላ ሄዶ ያን በወፍራም ድምፁ ቀስ ብሎ የሚያንጎራጉረውን ሃውሊ ፍለጋ ነው፣ ያን ግን እዚህ አያገኘውም። እዚህ ያለው ሃውሊ ገና ወጣት ነው፣ ጊታሩን ያስጮኸዋል፣ ከዘፋኙ ጋር እልህ የተጋባ ይመስላል።

ለኔ ግን አልበሙ የዘፋኙ ነው፣ የክሪስፒን ሃንት። ድምፁን ሰው ወይ ይወደዋል ወይ ያጠፋዋል፣ መሀል የለም። ባለቤቴ ዛር የሰፈረበት ነው የሚመስለው ብላ ስፒከሩን ትቀንስብኛለች፣ እኔ ደሞ ኢርፎኔን ሰክቼ እቀጥላለሁ። «ኦን ኤንድ ኦን»ን ብቻ ብንወስድ፣ ሲጀምር ለራሱ የሚያወራ ነው የሚመስለው፣ ጊታሩም ነካ ነካ እያደረገ ነው አብሮት የሚሄደው፣ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ከጉሮሮው ወጥቶ ወደ ላይ ይሰቀልና እዛው ላይ ሊሰነጠቅ ምንም አይቀረው፣ እኔ በሰማሁት ቁጥር አሁን ይበጠሳል እያልኩ ትንፋሼን እይዛለሁ። ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው እንደዛ አይዘፍንም፣ ይጠነቀቃል። ሃንት አይጠነቀቅም፣ ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነው።

ለምን አልዘለቁም ለሚለው የኔ መልስ አመቱ ነው። 1996 እኮ ኦኤሲስ ኔብወርዝ ፓርክ ላይ በሁለት ምሽት 250,000 ሰው ፊት የተጫወቱበት አመት ነው፣ አገሩ ሁሉ ጭፈራ ላይ ነበር፣ ሰው ተቃቅፎ ቢራውን ይዞ አብሮ የሚዘፍነው ዘፈን ነው የሚፈልገው። ይሄ ደሞ ሆድ የባሰው ሰው አልበም ነው። የመጡበት መንገድም ቀላል አልነበረም፣ መጀመሪያ ኤሌክትራ ከሚባል የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ጋር ፈርመው የድርጅቱ የእንግሊዝ ቢሮ ሲዘጋ እነሱም ተንጠልጥለው ቀሩ፣ በዛ ላይ ሃንት የመኪና አደጋ ደርሶበት ራሱን ስቶ ነበር። በኋላ ነው የዩቱ ባንድ አሳታሚ የነበረው ማዘር ሬከርድስ የተቀበላቸው። ፕሮዲውስ ካደረጉት አንዱ ኬቨን ቤከን ነው ስላችሁ ያ የፊልሙ ሰውዬ እንዳይመስላችሁ ደሞ፣ ኮምሳት ኤንጅልስ የሚባል ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት የነበረው የሼፊልዱ ኬቨን ነው።

ሁሉም ዘፈን እኩል ነው አልልም። «ኦል ሃይፕ» ላይ ስደርስ እዘላለሁ፣ የዘመኑ ጫጫታ ይበዛበታል። «ሺ ሰይድ» ግን ያንኑ ጩኸት ይዞ እንዴት እንደሚሮጥ፣ አንድም ትርፍ ሰከንድ የለውም። የመጨረሻው «ኦቨር አወር ቦዲስ» ደሞ ትእግስት ይፈልጋል፣ ማታ መብራት አጥፍቶ ካልሆነ አይሆንም።

ሁለተኛውን አልበማቸውን «ሞባይል ሆም»ን በ1999 አወጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ ተበተኑ። ሃንት ለሌሎች ዘፋኞች ግጥምና ዜማ ወደ መስራት ገባ፣ የእንግሊዝ የዘፈን ደራሲዎች ማህበር የሆነውን አይቨርስ አካዳሚንም በሊቀመንበርነት መርቷል፣ ቤዚስቱ ሳይመን ስታፎርድ ከዘ ክላሽ ባንዱ ዘፋኝ ጆ ስትራመር ጋር ተጫወተ። ማለትም ችሎታ አልነበራቸውም የሚል ሰው ካለ እኔ ጋ ይምጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማቸው ሰው ግን ከዚሁ ከመጀመሪያው አልበም በ«ፋር» ቢጀምር ይሻላል፣ «ኦን ኤንድ ኦን»ን ከዛ በኋላ፣ ያውም ባለቤቴ በሌለችበት።