ማዘዝ የማይቻልበትን ፕሮጀክት መምራት

ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ስርዓተ ክወና የሚያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች ከ1998 ጀምሮ የሚተዳደሩበት የጽሑፍ ደንብ አላቸው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ደንቡ ገና ስለ መሪና ስለ ምርጫ ሳይናገር አንድ ነገር ያስቀድማል፦ ማንም ሰው ለፕሮጀክቱ ሥራ የመሥራት ግዴታ የለበትም። የተመደበለትን ሥራ አልፈልግም ያለ መተው ይችላል። የተከለከለው በደንቡ መሠረት የተላለፈን ውሳኔ ሆን ብሎ ማደናቀፍ ነው።

ስለ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) አመራር የሚያስብ ሰው ከዚህ አንቀጽ ቢነሳ ብዙ ድካም ይቀርለታል። የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ ስለሚከፍል ያዛል። ዕድር እንኳ የቀረ አባሉን ይቀጣል። የኦፕን ሶርስ መሪ በእጁ ያለው የመጣለትን ኮድ «አይገባም» ማለትና ማለቂያ ያጣ ክርክርን መቋጨት ብቻ ነው። ይህን ያልተረዳ መሪ ሥራ ያከፋፍላል፣ ቀነ ገደብ ይቆርጣል፣ ሰዎቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፣ በመጨረሻ ሁሉንም ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ ደንብ ስትጽፉ ስለ ሥራ ክፍፍል ብዙ አትጨነቁ። ማን ይወስናል? ካልተስማማንስ? ወሳኙ ሰው ከሄደስ? እነዚህን መልሱ።

የመጨረሻው ጥያቄ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ምን ያህል እንዳስቸገረው ማየት ይጠቅማል። ፈጣሪው ጊዶ ቫን ሮሱም ቋንቋውን ለሕዝብ ካወጣበት ከ1991 ጀምሮ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነበር። በጁላይ 2018፣ := የሚለውን ምልክት ወደ ቋንቋው ባስገባው ፔፕ 572 (ፔፕ የፓይተን የለውጥ ሐሳብ የሚቀርብበት ሰነድ ነው) ላይ ከተነሳው መራራ ክርክር በኋላ፣ ከወሳኝነት ወረደ። ተተኪ አልሰየመም፤ ተተኪ የሚመረጥበት ደንብም አልነበረም። ኮር ዴቨሎፐሮቹ (ኮዱን የመቀየር ሥልጣን ያላቸው ዋና አዘጋጆች) እንዴት እንደሚተዳደሩ ለመወሰን በቅድሚያ እንዴት ድምፅ እንደሚሰጡ መስማማት ነበረባቸው። ስለዚህ ፔፕ 8001 የድምፅ አሰጣጡን ብቻ ደነገገ። ከዚያ ከ8010 እስከ 8016 ሰባት አማራጮች ቀረቡ፤ አንድ መሪ የሚሉ፣ ሦስት የሚሉ፣ ምክር ቤት ጭራሽ አያስፈልግም የሚሉ፣ ምክር ቤቱ ከኮር ዴቨሎፐሮች ውጭ ካሉ ሰዎች ይምጣ የሚሉ ነበሩባቸው። በዲሴምበር በተሰጠው ድምፅ 8016 አሸነፈ፤ የመጀመሪያው ባለ አምስት ሰው ምክር ቤት ደግሞ በ2019 መጀመሪያ ተመረጠ። ከአምስቱ አንዱ ጊዶ ራሱ ነበር። በመካከል ባሉት ወራት ትልልቅ የቋንቋ ለውጦችን የሚያጸድቅ አካል አልነበረም። ገንዘብም ሰውም ስምም ያለው ፕሮጀክት ስለሆነ ተረፈ፤ አምስት ሰው ያለው ፕሮጀክት በዚህ ጊዜ ውስጥ ይበተናል።

ያሸነፈው ደንብ አጭር ነው፤ ዛሬ ፔፕ 13 ሆኖ ይገኛል። ከውስጡ መቅዳት የሚገባ ብዙ ነገር አለ። ከአምስቱ የምክር ቤት አባላት ከሁለት በላይ የአንድ ቀጣሪ ሠራተኛ መሆን አይችሉም። ከተመረጡ በኋላ ሥራ ቢቀይሩ ወይም ኩባንያ ኩባንያን ገዝቶ ቁጥሩ ቢያልፍ፣ ገደቡ እስኪከበር ድረስ መልቀቅ ግድ ነው። አዲስ ኮር ዴቨሎፐር የሚገባው ለአንድ ሳምንት ክፍት ሆኖ በሚቆይ ድምፅ ሁለት ሦስተኛ ሲያገኝ ነው። ምክር ቤቱን ለማውረድም ሁለት ሦስተኛ ይበቃል። ከሁሉ የምወደው ግን ምክር ቤቱ ሰፊ ሥልጣን ተሰጥቶት፣ በተቻለ መጠን እንዳይጠቀምበት እዚያው መነገሩ ነው። መግባባት ሲቻል መግባባት ይቀድማል፤ ሥልጣኑ መግባባት ላልተቻለበት ቀን ይቀመጣል።

እኩል ድምፅ ሲመጣ ምን እንደሚደረግም ቀድሞ ይጻፍ። በ2014 መጀመሪያ የዴቢያን የቴክኒክ ኮሚቴ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስጀምረው ነባሪ ፕሮግራም ሲስተምዲ ይሁን ወይስ አፕስታርት በሚለው ላይ አራት ለአራት ተከፈለ። የሊቀመንበሩ ድምፅ እንደሚያጋድል ደንቡ ላይ ተጽፎ ስለነበረ ውሳኔው ወጣ። ቁጣው አልበረደም፤ ከኮሚቴው የለቀቁ ነበሩ፣ ዴቩዋን የሚባል ፎርክም (ኮዱን ቀድቶ ተገንጥሎ የሚሄድ ፕሮጀክት) ተፈጠረ። ዴቢያን ግን ቀጠለ።

ሦስት ወይም አራት ሰው ለሚሠራበት ፕሮጀክት ምርጫና ምክር ቤት ከልክ ያለፈ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ በአፓቼ ፋውንዴሽን ሥር ያሉ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ልማድ ይሻላል። አንድ ሰው ሐሳቡን ጽፎ ያቀርባል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ የተቃወመ ከሌለ እንደ ጸደቀ ይቆጠራል። የኮድ ለውጥ ላይ −1 (እቃወማለሁ) ያለ ሰው ቴክኒካዊ ምክንያቱን መጻፍ አለበት፤ ምክንያት የሌለው −1 አያግድም። አዲስ ሪሊዝ (ለተጠቃሚ የሚወጣ ስሪት) ለማውጣት ቢያንስ ሦስት +1 (እደግፋለሁ) ያስፈልጋል፣ ከተቃውሞውም መብለጥ አለበት። 72 ሰዓት የተመረጠው ዓለም ላይ ተበትነው በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ ሰዎች እንዲደርሱበት ነው። የሚበላሸው ሐሳቡ ቴሌግራም ላይ ሁለት ሰዎች መካከል ተወርቶ ሲያልቅ ነው። ያላየው ሰው ዝም ማለቱ ስምምነት አይደለም። ውይይቱ የትም ይሁን፣ ውሳኔውና ምክንያቱ ሁሉም የሚያየው አንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ኮዱ በተቀመጠበት በጊትሃብ ድረ ገጽ ኢሹ (የጉዳዮች መዝገብ) ላይ፣ ይጻፍ። ያኔ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ያንኑ ክርክር እንደገና አይከፍተውም።

ከደንቡ ጽሑፍ ይልቅ ችላ የሚባለው ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ነው። ሪፖዚተሪው (የኮዱ ማከማቻ) በአንድ ሰው የግል አካውንት ሥር ከሆነ፣ የደንቡ ወረቀት ምንም ቢል ባለቤቱ እሱ ነው፤ ወደ ኦርጋናይዜሽን (የጋራ አካውንት) አዛውሩት። ከዚያ በአንድ ገጽ ላይ መዝግቡ፦ የኦርጋናይዜሽኑ ኦነር እነማን ናቸው፣ ፓይፒአይ ወይም ኤንፒኤም በተባሉት የፓኬጅ ማከፋፈያዎች ላይ ፓኬጅ ማውጣት የሚችለው ማን ነው፣ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) በማን ካርድ ነው የሚታደሰው፣ ሪሊዝ የሚፈረምበት ቁልፍ የት ነው፣ መዋጮ ካለ ማን ያንቀሳቅሰዋል። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሰው ይኑር። አንድ ብቻ ከሆነ ያ ሰው ሲታመም ፕሮጀክቱም ይታመማል፤ አሥር ከሆነ ደግሞ ከአሥሩ የአንዱ ፓስወርድ መሰረቅ ይበቃል።

ቁልፍ ለሌላ ሰው ማስረከብ ከባዱ ክፍል ነው፤ ኤክስዚ የተባለው የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር ጉዳይ ይህን አሳይቶናል። ብቻውን ለብዙ ዓመታት የደከመ ሜይንቴይነር (ፕሮጀክቱን የሚንከባከብ ሰው) በ2022 ማንነታቸው በማይታወቅ ሰዎች «ዘገየህ፣ ለሌላ ልቀቅ» እየተባለ ተጨቀጨቀ። በትዕግሥት ጥሩ ኮድ ሲልክ የቆየው ረዳት ሥልጣን አገኘ፤ በ2024 ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ላይ የኋላ በር (ሰርጎ ለመግባት የተደበቀ መንገድ) ተቀብሮ ወጣ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሰርቨር መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ባይከታተል ኖሮ ብዙ ሰርቨር ላይ ይደርስ ነበር። የተንኮሉን ሰንሰለት የሚያስነሳው ፋይል የነበረው ለማውረድ በተዘጋጀው ታርቦል (የታሸገ የኮድ ጥቅል) ውስጥ እንጂ ሁሉም በሚያየው የኮድ ማከማቻ፣ በጊቱ ውስጥ አልነበረም።

ከዚህ የምወስደው ሥልጣን በደረጃ መሰጠት እንዳለበት ነው፦ መጀመሪያ ኢሹ የማጣራት፣ ቀጥሎ መርጅ የማድረግ (ለውጥን ወደ ዋናው ኮድ የማስገባት)፣ ሪሊዝ የማውጣት ደግሞ ብቻውን ተለይቶ፣ በጣም ዘግይቶ። ሪሊዙ በሰው ላፕቶፕ ላይ አይሠራ፤ ከጊት በቀጥታ በሲአይ (ኮዱን በራሱ ፈትሾ በሚያዘጋጅ ሥርዓት) ይውጣ። ስማቸውን ሰምታችሁ የማታውቋቸው ሰዎች ተሰብስበው ሲያጣድፏችሁም አትፍጠኑ። ለማንም የሥራ ግዴታ የለባችሁም።

የምትረከብ እጅ ከጠፋስ? ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግቢያ ጽሑፍ) ላይ «ሜይንቴይነር እንፈልጋለን» ብላችሁ ጻፉ፣ ለጥቂት ወራት ጠብቁ፣ ማንም ካልመጣ ሪፖዚተሪውን አርካይቭ አድርጉት። ኮዱ ለንባብ ብቻ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል፣ የሚፈልግ ፎርክ ያደርገዋል፤ የሚጠቀሙበትም ሰዎች ጥገና እንደማይመጣ አውቀው ይወስናሉ።