ላፕቶፑ የእማዬን ስልክ አላይ ያለ ቀን

እማዬ የሰፈራችን እቁብ ጸሐፊ ናት። ደብተሩን ወደ ስልክ ላዙርላት ብዬ አንዲት ትንሽ አፕ እየሠራሁ ነው። ኢሙሌተር ላይ፣ ማለትም ላፕቶፑ ውስጥ ስልክ መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ላይ፣ ደህና ትሠራለች። ግን የምትጠቀምባት እማዬ ናት። ስልኳ አንድሮይድ 9 ነው፣ ሚሞሪው ሞልቷል፣ መስታወቱም ተሰንጥቋል። እዚያ ላይ ሳልሞክራት ጨረስኩ ማለት አልችልም።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩን ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። ሴቲንግ ገብቼ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ነካሁ፤ የአፕ ሠሪዎች ሴቲንግ የሆነው ዲቨሎፐር ኦፕሽንስ ሲመጣልኝ፣ ላፕቶፑ ስልኩን በገመድ እንዲያዝ የሚፈቅደውን ዩኤስቢ ዲበጊንግን አበራሁ። ኤዲቢ ላፕቶፑ ከስልኩ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ነው። የተገናኙትን ስልኮች እንዲዘረዝርልኝ ትእዛዝ መጻፊያው (ተርሚናል) ላይ «ኤዲቢ ዲቫይስስ» ብዬ ጻፍኩ። ዝርዝሩ ባዶ ነው። ኤዲቢን አጥፍቼ አስነሣሁት። ባዶ። ስልኩንም ላፕቶፑንም ሪስታርት አደረግኩ። አሁንም ባዶ። ሁለት ሰዓት እንዲህ ሄደ። ስልኩ ግን ቻርጅ እያደረገ ነው፤ ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ቻርጅ ካደረገማ ገመዱ ደህና ነው አልኩ።

ተራ የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ 4 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያመጣሉ፣ ሁለቱ ዳታ ያስተላልፋሉ። አንዳንድ ርካሽ ገመዶች ውስጥ የዳታዎቹ ጭራሽ የሉም። ወንድሜ ፎቶ የሚገለብጥበትን ገመድ አምጥቶ ሲሰካው ስልኩ ወዲያው ብቅ አለ። አሁን ያ ገመድ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልዬበታለሁ። በገመዱ አንድ ፎቶ መገልበጥ ካልቻልኩ ኤዲቢን አልነካም።

ብቅ ቢልም ከጎኑ «አንኦቶራይዝድ» ይላል። ስልኩ ለላፕቶፑ ገና አልፈቀደም ማለት ነው። የፈቃዱ ጥያቄ የሚመጣው ስልኩ ስክሪን ላይ ነው፤ ስልኩ ደግሞ እማዬ እጅ ነበር።

«ፍቀጂ ሲለኝ እምቢ አልኩት» አለችኝ። «ያላወቅሽውን እሺ አትበይ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ልክ ናት። ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ጥያቄው ሲመጣ ምን እንደሆነ አስረዳኋት፣ ራሷ ፈቀደች።

አፗ ተጫነች፣ ተከፈተች። የእቁብተኞቹ ስም ግን የለም። ስልኩ ከላፕቶፑ ጋር መገናኘቱ አንድ ነገር ነው፤ አፗ ላፕቶፑ ላይ ያለውን፣ ስሞቹን የሚልክላትን ፕሮግራም (ሰርቨር) ማግኘቷ ሌላ ነው። ኢሙሌተር ላይ 10.0.2.2 ማለት ላፕቶፑ ማለት ነው። እውነተኛ ስልክ ላይ ያ አድራሻ የትም አያደርሰኝም። ሎካልሆስት ብለውም ስልኩ የሚፈልገው ራሱን ነው። ስለዚህ በ«ኤዲቢ ሪቨርስ» የስልኩን 8000 ፖርት (ቁጥር ያለው የግንኙነት በር) ከላፕቶፑ 8000 ጋር አገናኘሁና አድራሻውን ሎካልሆስት አደረግኩት። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ኤችቲቲፒኤስ ያልሆነ፣ ማለትም ያልተመሰጠረ፣ ግንኙነት ካልተፈቀደለት ስለሚዘጋ፣ ለመሞከሪያው ቅጂ ብቻ ፈቀድኩለት።

የላፕቶፑን የኔትወርክ አድራሻ (አይፒ) ሰጥቶ በዋይፋይም ይቻላል። ግን የካፌ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ያደርጋል። ቤት ደግሞ መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል። እኔ ገመዱን እመርጣለሁ፤ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ይሠራል።

ስሞቹ ሲመጡ እማዬ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችባቸው። አንድም አልጎደለም። «ጽሑፉ ግን ደቃቃ ነው፣ አተልቂልኝ» አለች። ዛሬ ማታ እሱን እየሠራሁ ነው።