ቀጠሮ የምታበዛው ልብስ ሰፊ

«ቀጠሮ አበዛሽብኝ እኮ ልጄ።»

ይህን ያሉኝ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ደንበኛዬ ናቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀስ ብለው ተናግረው፣ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ወጡ። ቀሚሳቸውን «ደርሷል» ብዬ ስጠራቸው ያ ሦስተኛ ጊዜዬ ነበር፤ ቀሚሱ ደግሞ ገና እጅጌ አልገባለትም።

ልብስ ሰፊ ቀጠሮ ያበዛል ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። እኔ ግን ራሴን ከእነዚያ ሰፊዎች ጋር ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ቤቴ ውስጥ መስፋት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ንጋት 11 ሰዓት እነሳለሁ፣ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደግሞ ተመልሼ የስፌት መኪናዬ ላይ እቀመጣለሁ። ሰነፍ ብሆን ኖሮ ነገሩ ይገባኝ ነበር።

የዚያን ማታ ባለቤቴ «በቀን ስንት ሰዓት ትሰፊያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ዘጠኝ» አልኩት፣ ሳላስብ።

«ጽፈሽ ታውቂያለሽ?»

ጥያቄው አናደደኝ። ንዴቴ ሲበርድልኝ ግን የልጄን ያለቀ ደብተር ገልብጬ፣ ከጀርባው መኪናው ላይ ስቀመጥ ሰዓቱን፣ ስነሳም ሰዓቱን መጻፍ ጀመርኩ። ለሁለት ሳምንት። ሌላ ምንም ሳልቀይር።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ደመርኩት። በቀን በአማካይ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ከሁሉም የተሻለው ቀን 5 ሰዓት ተኩል ሆነ፤ የባሰው ደግሞ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ስደምር የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ደመርኩ። ልክ ነበርኩ።

ታዲያ የቀረው ጊዜ የት ገባ? አልጠፋም፤ ሁሉም ሥራ ነበር። ልክ መውሰድ፣ ልክ ማሳየት፣ ከጨርቁ ጋር የሚሄድ ክር ፍለጋ መውጣት፣ ጥጥ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት አጥቦ ማድረቅ (አንድ ጊዜ ይህን ዘልዬ፣ ቀሚሱ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ አጥሮ ተመልሶልኛል)፣ መተኮስ፣ የተሳሳትኩትን መፍታት፣ «ደርሷል ወይ?» ለሚል ስልክ «ትንሽ ቀርቶታል» ማለት። ይኸኛው ይገርማል፤ ስዘገይ ስልኩ ይበዛል፣ ስልኩ ሲበዛ ደግሞ እዘገያለሁ።

ስህተቴ ያኔ ገባኝ። አንድ ቀሚስ መኪናው ላይ 6 ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል፤ ይህ ግምቴ ልክ ነው። ቀጠሮ የምሰጠው ግን ቀኑን በሙሉ መኪናው ላይ የምውል ይመስል ነበር። በልቤ የምሰፋው በሳምንት ዘጠኝ ቀሚስ ነው፤ በእጄ የማወጣው አራት።

ይህ የኔ ብቻ ችግር አለመሆኑን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ተቨርስኪ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ስሙን አውጥተውለታል፦ የዕቅድ ስህተት። ሰው ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ሲገምት ሥራውን ብቻ ያያል፤ ባለፈው ጊዜ ስንት እንደፈጀበት አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚጽፉ ተማሪዎች መቼ እንደሚጨርሱ ተጠይቀው፣ በአማካይ 34 ቀን ገደማ ብለው ነበር። የፈጀባቸው 55 ቀን ገደማ ነው። እኔ ከእነሱ እብሳለሁ፤ እነሱ የጻፉት አንድ ጽሑፍ ነው፣ እኔ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ያንኑ ስህተት ደጋግሜያለሁ።

ቀጥሎ ያገኘሁት ነገር ግን ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው የወረፋ ስሌት አለ። ለፋብሪካም ለባንክ ወረፋም ይሠራል፣ ለኔም መኝታ ክፍል ጥግ ሠርቷል። በቀላሉ እንዲህ ነው፦ እጅሽ ላይ የተከመረውን ሥራ ብዛት በሳምንት ለምትጨርሺው ብዛት አካፍዪ፤ የሚወጣው ቁጥር አዲስ የሚመጣው ሰው የሚጠብቀው ሳምንት ነው። ባለፉት 8 ሳምንታት ያስረከብኩትን ከደብተሬ ቆጠርኩ፤ 34 ልብስ። በሳምንት አራት ከሩብ ያህል። ቁም ሳጥን ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ በወንበር ላይ የሚጠብቀውን ሰብስቤ ቆጠርኩ፤ 15። ሲካፈል ሦስት ሳምንት ተኩል።

እኔ ለሁሉም ሰው የምለው «በሚቀጥለው ሳምንት ነይ» ነበር። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቄን ተውኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጠሮ ከአፌ አይወጣም፤ ከቁጥሩ ነው የሚወጣው። ሰው ጨርቅ ይዞ ሲመጣ እቆጥራለሁ፣ አካፍላለሁ፣ ሦስት ወይም አራት ቀን እጨምራለሁ፣ ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፌ እሰጣለሁ። በመጀመሪያው ወር ሁለት ደንበኞች «ረዘመ» ብለው ሄዱ። አሞኛል፣ አልዋሽም። ለቀሩት ግን «ደርሷል ወይ?» የሚለው ስልክ ግማሽ በግማሽ ቀነሰልኝ፤ ከደወሉት ይልቅ ያልደወሉት ናቸው ጊዜ የሰጡኝ።

ሌላው ነገር መቁረጥ መውደዴ ነው። ሙያውን የሚያውቅ ይረዳኛል፤ አዲስ ጨርቅ ዘርግቶ መቀስ ማሳረፍን የመሰለ ነገር የለም። ቁልፍ መትከልና ጠርዝ ማጠፍ ግን ሞት ነው። ስለዚህ የዛሬ ዓመት ብትመጡ ቤቴ ውስጥ ዘጠኝ የተቆረጠ፣ አንድም ያላለቀ ልብስ ታገኙ ነበር። ዘጠኝ ሰው ይጠብቃል፣ እኔ አሥረኛውን እቆርጣለሁ። የመኪና አምራቹ ቶዮታ ካንባን የሚባል በካርድ የሚመራ አሠራር አለው፤ የፊተኛው ክፍል ቀጣዩን የሚሠራው የኋለኛው የነበረውን ተጠቅሞ ሲጠይቀው ብቻ ነው። እኔ ካርድ አላስፈለገኝም። ግድግዳው ላይ ሦስት መንጠቆ መታሁ። የተቆረጠ ልብስ መንጠቆ ላይ ይሰቀላል፤ ሦስቱም ከተያዙ መቀሱ መሳቢያ ውስጥ ይቆያል። መጀመሪያ ላይ እጄን እየበላኝ ነበር። አንድ ቀን አራተኛውን ቆርጬ በር ላይ ሰቀልኩት፤ ልጄ አይታ «እማዬ፣ ይኼ መንጠቆ የለውም እኮ» አለችኝ። ወደ ከረጢቱ መለስኩት።

ስለ ከረጢት ካነሳሁ፣ እያንዳንዱ ትዕዛዝ የራሱ ከረጢት አለው። ጨርቁ፣ ገበሩ፣ ክሩ፣ ዚፑ፣ ቁልፉ፣ ልኩ የተጻፈበት ካርድ፣ የተከፈለው ቀብድ፣ የቀጠሮው ቀን። ሁሉም እዚያው። ከረጢቶቹ በተራቸው ረጅም ገመድ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ለመቁጠርም ይመቻል። ከዚያ በፊት ልክ የምጽፈው እጄ የገባው ወረቀት ላይ ነበር። አንድ ቀን የአንዲት ደንበኛ የወገብና የዳሌ ልክ የልጄ የሒሳብ የቤት ሥራ ላይ ተጽፎ መምህርቷ ዘንድ ሄደ። ልጄ ተመልሳ «እማዬ፣ 84 ምንድን ነው? አስተማሪዬ መልሱ አይደለም አለችኝ» ስትለኝ ነው የት እንደሄደ ያወቅሁት።

ከረጢት ካልተሟላ ተራ አይዝም። ዚፕ የጎደለው ከረጢት ገመዱ ላይ አይወጣም፤ ምክንያቱም መሃል ላይ ተነስቶ ዚፕ ፍለጋ መውጣት ዚፑ ብቻ አይደለም የሚያስከፍለው። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላው የዞረ ሰው ሐሳቡ የተወሰነው ከፊተኛው ጋር ስለሚቀር ሁለተኛውን በደንብ እንደማይሠራው አሳይታለች። እኔ ይህን በኮሌታ ነው የማውቀው። ከስልክ ተመልሼ የሰፋሁት ኮሌታ ሁልጊዜ ይፈታል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለኔ ነው።

ስለዚህ ስልኩ ሌላ ክፍል ያድራል፣ ማለቴ ይውላል። ከ6 እስከ 7 ሰዓት፣ ከዚያ ማታ ከ11 እስከ 12 ሰዓት አነሳለሁ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲደውል ብቻ እንዲጮህ አድርጌዋለሁ። ቀለምንም እንዲሁ ሰብሰብ አደርጋለሁ፤ የጠርዝ መጠቅለያ መኪናዬ አራት ክር ስለሚይዝ ከጥቁር ወደ ነጭ መቀየር ብቻውን ሩብ ሰዓት ይበላል። ጥቁር፣ ቡናማና ሰማያዊው አንድ ቀን፣ ነጣ ያለው ሌላ ቀን። ማሳጠር፣ ማስጠበብ፣ ዚፕ መቀየር የመሳሰለው ጥቃቅን ሥራ ደግሞ ረቡዕ ጠዋት ብቻ። ጥቃቅን ሥራ «አሥር ደቂቃ ነው» ተብሎ ይገባና ቀኑን ይዞ ይወጣል።

ሰዓት ቆጣሪ ሞክሬያለሁ። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ ተማሪ ሳለ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የወጥ ቤት ሰዓት የጀመረው ዘዴ አለ፤ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት። ለስፌት አልሆነኝም። እጅጌ ገጥሜ ግማሽ ዙር ላይ ሳለሁ ሲጮህ ማን ያቆማል? ለሒሳብ ግን ድንቅ ነው። ሒሳብ መጻፍ እጠላለሁ፤ ዓርብ ዓርብ አንድ 25 ደቂቃ፣ ገቢና ወጪ፣ ያልተከፈለኝ ማን ጋ እንዳለ፣ አለቀ። የሥራው ገንዘብና የቤቱ ገንዘብ የተለያየ ቦታ ነው የሚቀመጠው፤ ለራሴም በወሩ መጨረሻ ነው የምከፍለው። ይህን ከመጀመሬ በፊት የክር መግዣውን በልቼ ክር አጥቼ አውቃለሁ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ይህ አንዱም አይደለም። «ቤት ነሽ አይደል?» የምትለዋ ቃል ናት።

ቤት ነሽ አይደል፣ ልጁን ለትንሽ ጊዜ ላስቀምጥብሽ። ቤት ነሽ አይደል፣ ዕቃ የሚያመጣ ሰው ይመጣል፣ ተቀበይልኝ። ቤት ነሽ አይደል፣ እግረ መንገዴን ልየሽ። ክፋት የለበትም፤ የሚሉኝ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። ቢሮ ብቀመጥ ግን ማንም ልጅ ይዞ አይመጣብኝም ነበር። ለረጅም ጊዜ «ሥራ አለብኝ» ስላቸው ይቅርታ እየጠየቅሁ ነበር የምናገረው፤ ድምፄም «ግቢ» ይል ነበር። አሁን ሰዓት ነው የምናገረው። «10 ሰዓት ላይ ነይ፣ እጠብቅሻለሁ።» ዋርሳዬ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ አኩርፋለች። በሦስተኛው 10 ሰዓት ላይ መጣች፤ መኪናው ጠፍቶ ስለነበር ከወትሮው የተሻለ ተጫወትን፣ ምክንያቱም ዓይኔ ወደ ጨርቁ አልሄደም። እውነቱን ለመናገር ለሁሉም አልሆነልኝም። እናቴ እስካሁን ስትፈልግ ትመጣለች፤ እኔም አልከለክላትም። ግን ቁልፍ አስተክላታለሁ።

ማታ ስዘጋ 20 ደቂቃ እወስዳለሁ። የመኪናውን ብናኝ በብሩሽ አወጣለሁ፣ መርፌው ከ8 ሰዓት በላይ ከሰፋ እቀይራለሁ፣ ወለሉን በማግኔት እዳብሳለሁ፤ ትንሹ ልጄ ባዶ እግሩን ነው የሚሮጠው፣ ማግኔቱም አንድም ቀን ያለ ስፒል ተመልሶ አያውቅም። ከዚያ የነገውን የመጀመሪያ ከረጢት አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ። ጠዋት «ከየቱ ልጀምር» እያልኩ ቆሜ የማሳልፈው ግማሽ ሰዓት በዚህ ቀርቷል። የመቁረጫ ጠረጴዛውን ደግሞ እግሩ ሥር እንጨት ጨምሬ እስከ ዳሌዬ አንስቼዋለሁ፤ ይህን ከሁለት ዓመት በፊት ብሠራው ወገቤ ያመሰግነኝ ነበር።

አሁንም ግን መዘግየቴ አልቀረም። ባለፈው ወር ልጄ ታማ አንድ ሳምንት ሙሉ መኪናው ተሸፍኖ ነበር። ልዩነቱ፣ በሁለተኛው ቀን ገመዱን ቆጥሬ፣ ቀናቸው የሚያልፍባቸውን አራት ሰዎች ሳይደውሉልኝ እኔው ደወልኩላቸው።

እኚያ ቀጠሮ ያበዛሁባቸው ደንበኛዬ በቅርቡ ተመልሰው መጡ። አዲስ ጨርቅ ይዘው፣ በሁለት ሳምንት እንዲደርስላቸው። ገመዱን ቆጠርኩ፤ 11።

«ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ እማማ። በሁለት ሳምንት አላደርስልዎትም።»

ገመዱን አዩ፣ እኔን አዩ። «ድሮ በሳምንት ትዪኝ ነበር» አሉና ጨርቃቸውን አንስተው ሄዱ። በነጋታው ጠዋት ስልኬ በዚያኛው ክፍል ጠራ፣ አላነሳሁም። 6 ሰዓት ላይ ሳየው እሳቸው ናቸው። ደወልኩላቸው።

«ሌላ ቦታ ጠየቅኩ» አሉኝ። «ከነገ ወዲያ ይደርሳል አለኝ። ጨርቁን ይዤ ተመለስኩ።»

ከረጢታቸው ግን ገና ገመዱ ላይ አልወጣም። የዚፑ ቀለም እስካሁን አልገጠመልኝም።